ሁለተኛው ዐይን

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ሙዚቃ ለመስማት ብላችሁ ከሞት ጋር ምን አጋፋችሁ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቅጡ ልመልስለት።

እኛ የምንሠራው ኤሌክትሮስታቲክ ለሚባለው የሄድፎን ዓይነት የሚሆን አምፕሊፋየር ነው። በተለመደው ሄድፎን ውስጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቂት ቮልት ይበቃዋል። በኤሌክትሮስታቲኩ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም። ውፍረቱ አንድ ሁለት ማይክሮን ብቻ የሆነ የፕላስቲክ ገለፈት ቀዳዳ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ብረቶች መካከል ተወጥሯል። ገለፈቱ ላይ 580 ቮልት ይሰጣል። ሙዚቃው በሁለቱ ብረቶች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወጣና ሲወርድ አንዱ ገለፈቱን ይገፋዋል፣ ሌላው ይስበዋል። ገለፈቱ ክብደት የለውም ለማለት ይቻላልና የክራር ደርዳሪ ጣት ክሩን ለቆ የወጣባት ቅጽበት ሳትቀር ትሰማለች። አንዴ የሰማ ሰው ለምን እንደምንደክም አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። የጃፓኑ ስታክስ ኤስአር-009 የ101 ዲሲቤል ድምፅ የሚሰጠው 100 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ከበሮ ድንገት ሲመታማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በኛ ዘንድ ብዙ በሚሠራው ኬጂኤስኤስ ኤችቪ በተባለው አምፕሊፋየር ውስጥ ፖዘቲቭ 450 እና ኔጌቲቭ 450 ቮልት ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሁለቱ መካከል 900 ቮልት ማለት ነው። አገር ቤት ግድግዳው ላይ ያለው 220 ነው።

ኬጂ የሚሉት ፊደላት የአሜሪካዊው የኬቨን ጊልሞር ስም መነሻዎች ናቸው። የአምፕሊፋየር ንድፎቹን ማንም እንዲሠራባቸው በነፃ አወጣቸው። የጀርመኑ ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1991 ኦርፊየስ የተባለውን ሄድፎን ከነአምፕሊፋየሩ ሲያወጣ የተመረተው 300 ገደማ ብቻ ነበር፤ የሀብታም ዕቃ ነው። የንድፍ ልግስና ባይኖር ኖሮ እንደኔ ያለ ሰው እዚህ ደረጃ ያለ ድምፅ አጠገብ አይደርስም ነበር። ለዚህ ያለኝን ምስጋና በግልጽ መናገር እወዳለሁ።

ንድፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው የሚጎዳው ንድፉ ላይ በማይታዩ ትንንሽ ነገሮች ነው። ለምሳሌ ሬዚስተር የዋት ብቻ ሳይሆን የቮልቴጅም ወሰን አለው፤ ብዙዎቹ ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተሮች ከ250 ቮልት ገደማ በላይ አይችሉም። ለዚህ ነው አንዱ በሚበቃበት ቦታ ሁለት ሦስቱን አከታትለን የምናስገባው። ትራንዚስተሮቹም አሉ። የሳንዮ 2ኤስኤ1968 ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፤ በዚያ ስም ገበያ ላይ ከሚዞረው አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። እውነተኛ ያለው ሰው ለማያውቀው ሰው በፖስታ ቆጥሮ ይልካል። ቦርድም አንዱ ለሁሉም ያሳትምና ያከፋፍላል፤ ትርፍ አይጠየቅበትም።

ከሁሉ የከበደው ሥራ ፍተሻው ነው። ብየዳው ካለቀ በኋላ ቦርዱ ታጥቦ ከሁለቱም በኩል ፎቶ ይነሣና ለሌሎች ይላካል። በዚህ ጊዜ ሌላ አህጉር ያለ ሰው፣ የራሱን እንቅልፍ ትቶ፣ ፎቶውን እያጎላ ያያል። «የሦስተኛው ትራንዚስተር ብሎን ማገጃ ቀለበት የለውም» ይልሃል። የትራንዚስተሩ ጀርባ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ተሸክሟል፤ የተጠጋው ሙቀት ማብረጃ ደግሞ በእጅ የሚነካ ነው። በመካከላቸው ያለችው ስስ የሴራሚክ ሳህንና ያቺ ቀለበት ናቸው። የራስህን ሥራ ደጋግመህ ስታየው ዐይንህ ያለውን ሳይሆን እንዲኖር ያሰብከውን ያያል። ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በኛ ሙያ ወዳጅነት እንደ ፊውዝ ነው፤ ሳይኖር መብራት አይለቀቅም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የኃይል ቦርዱ ለብቻው፣ ከድሮው ዓይነት አምፖል ጋር በተከታታይ ተያይዞ ይበራል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይጠፋል። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮረንቲ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነውና።

ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጠው ለገለፈቱ የሚሰጠውን 580 ቮልት ሲለካ ነው። ተራው ቴስተር 395 ገደማ ያሳያል፤ ሰውየው ቦርዱ ተበላሸ ብሎ ሊፈታው ይነሣል። ቦርዱ ግን አልተበላሸም። በመውጫው ላይ የ4.7 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ፤ ቴስተሩ ራሱ 10 ሜጋኦም ነው፤ ቮልቴጁን ይካፈሉታል። 580ን በ10 አባዝቶ ለ14.7 ማካፈል ነው። ይህን ስሌት ለአዲስ ሰው ደግሞ ደጋግሞ፣ ሳይሰለች፣ «እንዴት ይህን አታውቅም» ሳይል የሚያስረዳ ሰው አለ፤ እኔ የማከብረው ትልቁ ባለሙያ እሱ ነው። ያፈረ ሰው አይጠይቅም፤ ያልጠየቀ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ሊሞት ይችላል።

አምፕሊፋየሩ ከኃይሉ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቃል፤ በመውጫዎቹ መካከልም ሆነ ከኤርዙ አንጻር ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ይስተካከላል። ክዳኑ ሲገጠም ሙቀቱ ስለሚጨምር እንደገና ይለካል። መጀመሪያ የሚሰካውም ቢቃጠል የማያስቆጭ አሮጌ ሄድፎን ነው።

ሲጠፋስ? ብዙ ሰው የጠፋ ነገር አይነካም ብሎ ያስባል። 450 ቮልት የያዘ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 48 ጁል ገደማ አቁሯል። በ220 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ሲፈስ ከ50 ቮልት በታች ለመውረድ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ያ ሬዚስተር ከተቆረጠ ደግሞ ቮልቴጁ ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ጠብቆ መለካት ነው፤ በመፍቻ እየነኩ ማፈንዳት የማይረባ ድፍረት ነው።

በአማርኛ ይህን የሚሠራ ወይም ለመጀመር የሚያስብ ካለ፣ መብራት ከመልቀቁ በፊት የቦርዱን ፎቶ ከሁለቱም በኩል ይላክልኝ። የብሎኖቹ ማገጃዎች በደንብ እንዲታዩ ብርሃን ያለበት ቦታ ይነሣ፤ የቴስተሩ የቮልቴጅ ወሰንም አብሮ ይጻፍ።