ብቻዬን የዋልኩባት ሮማ

ለሥራ ሮማ በሰነበትኩበት ጊዜ ስብሰባ የሌለበት አንድ ቀን ተገኘ። የሚያለብሱት ልጅ፣ የሚቋጥሩት ምሳ፣ ከቢሮ መልስ የሚሮጡበት ገበያ የለም። ሠራተኛም እናትም ለሆነች ሴት ይህ እንግዳ ነገር ነውና ጠዋት ስነቃ አንዳች ነገር የረሳሁ መስሎኝ ደነገጥኩ።

በእግሬ ወጣሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ከመንገድ ዳር ከቆመ አጭር የብረት ምሰሶ ውኃ ሲወርድ አየሁ። ሮማውያን «ናሶኔ»፣ ማለትም «ትልቅ አፍንጫ» ይሉታል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ሲሆን ዛሬ በከተማይቱ 2,500 ያህል አሉ። ውኃው የሚጠጣ ነው፤ ገንዘብም አይጠየቅበትም። አንዲት ባልቴት የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ቢደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ፈለቀ፤ ጎንበስ ብለው ጠጡ። እኔም እንዳየሁት አደረግሁ። እጄ ግን በልማድ ጀሪካን ፈለገ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው ለብቻ ማዕድ መቅረብ ያሳፍራል። ሆኖም ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ፓስታ አዘዝኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ምግብ ሳይቀዘቅዝ በልቼ ከጨረስኩ ስንት ዓመቴ ነው!

ማታ ወደ ቤት ስደውል ልጄ አነሳችው።

«እማዬ፣ ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«ምንም።»

ሳቀች። «ውኃ መጥቶ ነበር፤ እኔና አባዬ ጀሪካኑን ሁሉ ሞላን» አለችኝ።

እኅቶቼ፣ ያለ እኔ የማይሞላ ይመስለኝ የነበረው ጀሪካን ሞልቷል። ይህን ለማወቅ ሮማ ድረስ መሄድ ባላስፈለገ ነበር።