ውሃው ለማን ይቅደም?

ይህን ጥያቄ ሕጉ ከመለሰው ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንደሚቀድም ይደነግጋል። እንግዲህ ከፋብሪካው፣ ከሆቴሉና ከመኪና እጥበቱ በፊት ሰው ይጠጣ፣ ያብስል፣ ይታጠብ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት «የአፍሪካ የውሃ ራዕይ 2025» የሚባል ሰነድም ወጥቶ ነበር። ከአሳታሚዎቹ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ አጠገብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ነው። ሰነዱ የአህጉሩን የውሃ ችግር ካባባሱ ሰው ሠራሽ ምክንያቶች መካከል ተገቢ ያልሆነ አስተዳደርንና የተቋማት አደረጃጀትን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. 2025 መጥቶ አለፈ። ከኢሲኤ ግቢ አጥር ወዲህ ያለው የቂርቆስ ነዋሪ ግን ዛሬም ጎረቤቱን «ውሃ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል።

ችግሩ የዝናብ ወይም የግድብ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እኩል በተጠማን ነበር። የውሃ ፈረቃውን ልብ ብላችሁ እዩት። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዱ ምድር ቤት ማጠራቀሚያ፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ፣ መሐል ላይ ፓምፕ አለው። ውሃው ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ሲመጣ እሱ ተኝቶ ሳለ ይሞላለታል፤ መሄዱንም አያውቅም። ሌላዋ ከእንቅልፏ ተነስታ ጀሪካን ትደረድራለች፤ ጎረቤት ፓምፑን ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ካገናኘው ደግሞ የእሷ ቧንቧ አየር ብቻ ይተነፍሳል። ሕጉ ያስቀደማት እሷን ነበር፤ ፓምፑ ግን ቀደማት። ይህን ማንም በስብሰባ አልወሰነም። የሚወስን ሲጠፋ ጉልበት ያለው ይወስናል።

ሂሳቡም እንደዚሁ ነው። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ እንዲያድግ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ የሚያባክን ብዙ ይክፈል። ነገር ግን በቀበሌ ቤት ግቢ አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ሲጋራ፣ ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። ሁሉም ቆጥበው እየተጠቀሙ በድምሩ ወደ ውድ እርከን ይወጣሉ። ድሃን ለመደጎም የወጣው ታሪፍ ድሃን ይቀጣል ማለት ነው።

ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚመረተው ውሃ ደግሞ ሲሶ ያህሉ በመፍሰስ፣ በሕገወጥ ቅጥያና በማይቆጥር ቆጣሪ ሂሳብ ሳይከፈልበት ይቀራል። ግድቦቹ ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ለጎረቤቶቻችን «ተጨማሪ ውሃ ስጡን» ስንል፣ የተሰጠንን ምን አደረግነው ለሚለው መልስ ሊኖረን ይገባል።

ይህ ሊስተካከል እንደሚችል የፕኖም ፔን ከተማ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ከጦርነት በወጣችው የካምቦዲያ ዋና ከተማ 72 በመቶው ውሃ ይባክን ነበር። ኤክ ሶን ቻን የተባለ መሐንዲስ የውሃ ተቋሙን ሲረከብ ለደንበኛው ሁሉ ቆጣሪ አስገባ፤ ሕገወጥ ቅጥያ ለጠቆመ ሽልማት ሰጠ፤ የማይከፍሉ መሥሪያ ቤቶችና የጦር አዛዦች ሳይቀሩ እንዲከፍሉ አደረገ። በሁለት አስርት ዓመት ውስጥ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ከቧንቧው በፊት የተጠገነው ተጠያቂነቱ ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ካዛንቺስ እንደ አዲስ እየተሠራች ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የድሮው ሰፈር ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሰፈር ሄደ፤ መንገዱ ተቆፈረ፤ መስመሮች ከመሬት በታች ተቀበሩ። እንዲህ ያለ ዕድል በአንድ ትውልድ አንዴ ቢመጣ ነው። አዲሱ መስመር መጀመሪያ የሚያጠጣው ፎቁን ነው ወይስ ከጀርባው የቀረውን ሰፈር? ገላን ጉራ በገባው ተነሺ ደጅስ በሳምንት ስንት ቀን ይፈስሳል? አስፋልቱ ሳያረጅ እነዚህ መመለስ አለባቸው።

ስለዚህ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንንም፣ የከተማውን ምክር ቤትም የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፈረቃው በየሰፈሩ ይለጠፍ፤ ሲዛነፍ ምክንያቱ በዚያው ቀን ይነገር። ሁለተኛ፣ የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ እርከኑ በቤተሰብ ቁጥር ተካፍሎ ይሰላ። ሦስተኛ፣ በየክፍለ ከተማው የባከነው ውሃ መጠን በየሩብ ዓመቱ ይፋ ይውጣ።

እናንተም በወረዳ ስብሰባ ላይ «ውሃ ጠፋ» ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። «አዋጁ ቤተሰብን ያስቀድማል፤ በእኛ ሰፈር ማን ቀደመ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።