«4/27»

ጅጅጋ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ሰሞኑን የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ ከአንድ ገጽ ጥግ ላይ «4/27» የምትል ነገር አገኘሁ። አጠገቧ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ደህና ነው» ይላል። ደህና አልነበረም። ክፍል ውስጥ ስለዚህች ቁጥር ነግሬያችሁ አላውቅም። እስቲ ዛሬ ልናገር።

ልጁ የወጃሌ ልጅ ነው (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ደግሞ አትጨነቁ፣ ዛሬ በሕይወት አለ፣ ስልክ ይጠግናል)። ገና ጢም ሳያወጣ ሳዑዲ ሄዶ ጅዳ ውስጥ ስምንት ዓመት ግንባታ ላይ ሠራ። በተመለሰ በዓመቱ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠችና ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፣ ሽንቱም በቱቦ ሆነ። እኔ ያኔ ተማሪ ይዤ ዋርድ እገባ ነበር። የዚያን ቀን የድባቴ መጠይቅ አሞላል ማሳየት ስለነበረብኝ እሱን መረጥኩ።

መጠይቁን ታውቁታላችሁ፣ ፒኤችኪው-9። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3። ድምሩ ከ5 በታች ሲሆን «የለበትም» ትላለህ፣ 10 ሲደርስ ቆም ብለህ ትመረምራለህ። አማርኛውም አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ታዲያ ልጁ አማርኛ አይችልም፣ የኔ ሶማልኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ታላቅ ወንድሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበርና «ወላል፣ አንተ አስተርጉምልኝ» አልኩት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነገሮችን ለማድረግ ፍላጎት ወይም ደስታ ስለማጣት ነው። ወንድሙ ምን ብሎ እንደጠየቀው የሰማሁት በኋላ ነው፦ «ሥራ መሥራት ትፈልጋለህ?» እንዴት አይፈልግም! ዜሮ። ሁለተኛው ስለ ማዘንና ተስፋ ስለ መቁረጥ ነው። እሱን «ከአላህ ተስፋ ቆርጠሃል እንዴ?» አለው። ዜሮ። ስለ ሞት የሚጠይቀውን ዘጠነኛውን ጭራሽ አልጠየቀውም። «ሶላትህን ትሰግዳለህ አይደል?» ብሎት፣ ልጁ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም አልሐምዱሊላህን ሰምቼ ዜሮ ጻፍኩ። ወንድሙ ላይ አልፈርድም። ታናሽህን፣ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መሞት አማረህ ወይ ብለህ እንዴት ትጠይቃለህ? የተገኘችው አራት ነጥብ ከእንቅልፍ ሦስት፣ ከድካም አንድ ነበረች። እሷንም «ሌሊት ስለሚያገላብጡት ነው» ብዬ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። ጎበዝ መምህር!

ከወር በላይ አለፈ። ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ወንድሙ ደወለልኝ። መቀመጫው ላይ የአልጋ ቁስል ወጥቷል፣ አታገላብጡኝ ይላል፣ ምግብ ይመልሳል። «መዓሊን፣ ምን ሆኖብኝ ነው?»

ቅዳሜ ወደ ወጃሌ ስወጣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን አስከትዬ ሄድኩ። ጅዳ ያደገች ናት፤ ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከቤተሰቧ ጋር የመጣች። ይዣት የሄድኩት ለሶማልኛዋ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እናቱ፣ ኤዶ እንበላት፣ ጥግ ላይ ሻይ ታፈላለች። ልጁ በሶማልኛ ሲጠየቅ ሁሉንም «ደህና» ይላል፣ ዓይኑ ግን ወደ እናቱ ይሄዳል። ተማሪዬ ነቃች። ድንገት ወደ አረብኛ ዞረችና ስለ ጅዳ ሰፈሮች ጠየቀችው። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «ኡክቲ» እያለ ማውራት ጀመረ። ያ አረብኛ እናት የማትሰማው ቋንቋው መሆኑ ነው።

የአረብኛውን መጠይቅ ስልኳ ላይ አወጣች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ይህ የአረብኛ ቅጂ ሊባኖስ ውስጥ ህብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ተፈትሿል፣ ስለዚህ የሆነ ያልሆነ ትርጉም አይደለም። ቢሆንም የጅዳ ግንበኛ አረብኛ የመጽሐፍ አረብኛ ስላልሆነ፣ ቃል በቃል ካነበበችለት በኋላ በሰፈር አነጋገር ትደግምለት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ደረቱን በእጁ ጫን አድርጎ «ዲቅ» አለ። ጥበት ማለት ነው። ዘጠነኛውን ሳታለሳልስ ጠየቀችው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደማይከት አስተምሬያት ነበር፣ እኔ ራሴ ግን ያን ቀን ዋርድ ውስጥ ማድረግ ያቃተኝን። ልጁ ብዙ ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ መለሰላት። ድምሩ 17 ሆነ።

አሁን የምትከራከሩኝን አውቃለሁ፦ «መምህር፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ከጉዳቱ የመጣ ሊሆን ይችላል እኮ።» ልክ ናችሁ። የአንጀቱ ሥራ የዘገየ ሰው ፈርቶ ምግብ ይቀንሳል። እነዚያን ሦስቱን ብትቀንሱ ግን 10 ይቀራል፤ ደስታ ማጣቱ፣ ማዘኑ፣ «ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ» ማለቱ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃቱ፣ ሞቱ። አሜሪካ ውስጥ በተሐድሶ ላይ ባሉ እንዲህ ዓይነት ታካሚዎች ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም መጠይቁ በደንብ እንደሚሠራ፣ ከ10 ይልቅ 11 ላይ ቢቆረጥ እንደሚሻል ነው ያሳየው። ደግሞም ድባቴ ለተጎዳ ሰው ሁሉ «ያለ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከአምስቱ አንዱን ገደማ ይይዛል፤ አራቱ ድባቴ የለባቸውም ማለት ነው።

ለወንድሙ በመጨረሻ ስናስረዳው «ይሄማ ኒያድ ጀብ ነው!» አለ። የወኔ፣ የመንፈስ መሰበር። «የአእምሮ ሕመም ስትሉኝ እኮ እብደት መስሎኝ ነው።» ያንን ቃል መጀመሪያ ከእሱ ብጠይቅ ኖሮ!

በማግስቱ ሐኪም አየው። አሚትሪፕቲሊን ሽንት ስለሚይዝ ተትቶ ፍሉኦክሰቲን ተጀመረለት፣ ቁስሉም መታጠብ ያዘ። ተማሪዬ በየሳምንቱ ትደውልለት ነበር፣ በአረብኛ።

ያን ቅዳሜ ስንወጣ ኤዶ እስከ በር ሸኘችን። ምን እንዳወራን ጠየቀችን። ተማሪዬ ስለ ጅዳ ነው አለቻት። ኤዶ ዝም ብላ ቆየችና «አረብኛ አልችልም» አለች። «መውት የምትለዋን ግን ከቁርኣን አውቃታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ሲል እንደምትሰማው፣ ምንጣፏን ከአልጋው ሥር አንጥፋ መተኛት ከጀመረች ወር እንዳለፋት፣ መድኃኒቶቹንም ጉያዋ ውስጥ ይዛ እንደምታድር ነገረችኝ።

«ታዲያ ኤዶ፣ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»