በፊላደልፊያ አንዲት የሳንድዊች ቤት

የፊላደልፊያ ስም በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ መልእክት ከተጻፈላቸው ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዲቱ በዚህ ስም ትጠራለች፤ ትርጓሜውም በጽርእ ቋንቋ የወንድማማች ፍቅር ማለት ነው። እኔ ግን በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ጥር የሄድሁት በእስያ ወደ ነበረችው ሳይሆን፣ ዊልያም ፔን በ1682 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወደ ቆረቆራት ከተማ ነው።

በዚያ የእኅቴ ልጅ ይኖራል። እናቱ ስትሸኘኝ፣ «ረቡዕና ዓርብን መጾም ትቶ እንደ ሆነ እይልኝ፤ በስልክ ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም» ብላ አደራ ሰጥታኝ ነበር። የደረስሁት ረቡዕ ቀን ነው። ማታ ምስር ወጥና ጎመን አቀረበልኝ፤ አብሮኝም በላ። ይህን ያደረገው ከልማዱ ይሁን ወይስ እኔን አክብሮ፣ መለየት አልቻልሁም።

በማግሥቱ ቺዝስቴክ ወደሚሸጥባት አንዲት የመንደር ሳንድዊች ቤት ወሰደኝ። ቤቲቱ ጠባብ ናት፤ ካሉት ወንበሮች ይልቅ ቆሞ የሚበላው ይበዛል። ጠባሹ በስሱ የተቆረጠውን የበሬ ሥጋ በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ዘርግቶ፣ ከሽንኩርት ጋር እያገላበጠ ይከታትፈዋል፤ ፎርማጆ ያለብሰውና በረዥም ዳቦ ውስጥ ይከተዋል። የምግቡ ጀማሪ ፓት ኦሊቪዬሪ የተባለ የጣልያን ተወላጅ ነው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ከወንድሙ ከሃሪ ጋር በከተማይቱ ደቡብ ቋሊማ በዳቦ ይሸጥ ነበር። ለራሱ ምሳ ሥጋ ሲጠብስ መዓዛው አንድ የታክሲ ነጂ ጠራበት፤ ነጂውም «ለእኔም ሥራልኝ» አለው ይባላል። ፎርማጆው የተጨመረው ዘግይቶ ነው።

ተራችን ሲደርስ የእኅቴ ልጅ ከማዘዙ በፊት ጠባሹን አንድ ነገር ጠየቀው። ሰውየውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ጓዳ አመለከተ። ምን እንዳለው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የአሳማ ሥጋ በዚህ ምጣድ ላይ ይጠበስ እንደ ሆነ ነው፤ የአሳማው በጓዳ ለብቻው ይሠራል አለኝ» ሲል መለሰልኝ። አፈርሁ፤ ዲያቆኑ እኔ ስሆን ይህ በልቤ አልመጣምና።

ባርከን ቆርሰን በላን። ክትፎን በአይብ ለለመደ ሰው የሥጋና የፎርማጆ መገናኘት አያስደነግጠውም። ዳቦው ለስላሳ ሆኖ ቅባቱን ይሸከማል፤ ቢሆንም ልብስ እንዳይበላሽ ሁሉም ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነው የሚበላው። እኔ የመረጥሁት ፕሮቮሎኔ የሚባለውን ነጭ ፎርማጆ ሲሆን መልካም ነበር። የእኅቴ ልጅ የወደደው ግን ቺዝ ዊዝ የሚሉትን፣ እንደ ቀለም ቢጫ ሆኖ የሚፈሰውን ነው። ከእርሱ አጎረሰኝ፤ ጉርሻ አይመለስምና ዋጥሁት። በርበሬ ባላገኝ፣ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው ቃሪያ ካሰኝ።

የእኔን ከግማሽ በላይ መዝለቅ አቃተኝ። ለነገ ምሳ ይሆነኛል ብዬ በወረቀት ስጠቀልል፣ የእኅቴ ልጅ እየሳቀ እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ይጨርሱት እንጂ፤ ነገ እኮ ዓርብ ነው» አለኝ።