ከሰሙ በፊት ውሃው

እኔ መኪና የለኝም፤ የአስተማሪ ደመወዝም ቶሎ የሚያስገዛኝ አይመስለኝም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ዓለም ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ሹፌር አሮጌ መኪናቸውን ሲወለውሉ አግዛቸዋለሁና ስለ ነገሩ ጥቂት ልንገርህ።

የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ የመርሐቤቴን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ መኪና አቧራ ለብሶ ይገባል። አንዳንዱ ሰው በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ አቧራ ግን የደቀቀ ድንጋይ ነውና ቀለሙን ይቧጭረዋል። ሌላው በናፍጣ ያብሰዋል፤ ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ ወዲያው ግን አቧራውን መልሶ ይሰበስባል።

ጎረቤቴ እንዲህ አያደርጉም። አስቀድመው በብዙ ውሃ ያጥቡታል፤ ከጥላ ሥር አቁመው ያደርቁታል፤ ፀሐይ ባጋለው ብረት ላይ ሰም ይጣበቃልና። ከዚያ ሰሙን በስሱ ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ ያሹታል።

ፖሊሽና ሰም አንድ አይምሰሉህ። ፖሊሽ ከቀለሙ በጥቂቱ ይፍቃል፤ ሰም ግን ይሸፍናል። ያለ ልክ ፖሊሽ የሚያበዛ ሰው አሳምራለሁ ሲል ቀለሙን ይጨርሳል። የታወቀው የመኪና ሰም ካርናውባ ከሚባል የብራዚል ዘንባባ ቅጠል ይወጣል፤ የንብ ሰም የሚገባበትም አለ። ከጠጃችን የሚተርፈው ሰፈፍ ሲነጠር የሚገኘውም ያው የንብ ሰም ነው።

ይህ ሁሉ ለጉራ ነው አትበል። መኪናው የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው፤ ቀለሙ የተገፈፈ ቆርቆሮ ይዝጋል፤ የዛገውን ማሳደስም የወራት ገቢ ይበላል።

እኛም ወጣት ሠራተኞች ዲፕሎማችንንና ከረባታችንን ከማብለጭለጫችን በፊት ይህን እናስብ፤ በእድፍ ላይ የተቀባ ሰም እድፉን አትሞ ያስቀምጠዋል።