ከየት ጀምረን እንቍጠር?

ሕግን በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በሕግ መሥራት ግን ሌላ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከአየር ነው። አየር አይታይም፣ አይጨበጥም፤ ነገር ግን በጎማ ውስጥ ሲታፈን የሰውን ሕይወት ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ በወጣትነታችን ስለ ሠራነው ስሕተት፣ ስሕተቱንም ስለ ገለጠልን የጋዝ ሕግ ለአንባብያን ጥቂት ለማውጋት ወደድን።

ሕጉ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1662 ሮበርት ቦይል ሙቀቱ ሳይለወጥ አየር በተጨመቀ መጠን ግፊቱ እንደሚበረታ ገለጸ። በ1802 ጌይሉሳክ ጋዞች ሁሉ ሲሞቁ በእኩል ልክ እንደሚሰፉ አሳተመ። በ1834 ደግሞ ክላፔይሮን እነዚህን ሕጎች በአንድ ቀመር አጣመራቸው። ቀመሩም ዛሬ በሚጠናበት መልክ እንዲህ ይላል፤ የጋዝ ግፊት በይዘቱ ቢባዛ፣ በሞል የተቈጠረው የጋዙ መጠን በ8.314 እና በፍጹም ሙቀቱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር ትክክል ይሆናል። ግፊቱ በፓስካል፣ ይዘቱም በሜትር ኩብ ይለካል።

ተማሪ ሳለን ይህን ሕግ እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣው ነበር። አንድ ቀን መምህራችን «በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። እኛም 20 የ10 እጥፍ ነውና «እጥፍ ይሆናል» ብለን ጻፍን። ወረቀቱ ሲመለስልን በቀይ ቀለም «ከየት ጀምረህ ቈጠርህ?» የሚል አገኘንበት። የሴልሲየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ ሙቀት ፈጽሞ የሌለበት ቦታ አይደለም። ፍጹሙ ዜሮ ከዚያ 273 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ አየሩ የሞቀው ከ283 ወደ 293 ነበር፤ ግፊቱም የሚጨምረው ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ብቻ ነው። አፈርን፤ ትምህርቱ ግን ከወረቀቱ አልፎ ወደ ልባችን አልገባም።

ከዓመታት በኋላ እናታችንንና ሁለት እኅቶቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ወረድን። በማለዳ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሳለ፣ ጎማዎቹን 30 ፓውንድ አስሞልተን ነበር። ሞጆን፣ አዳማንና መተሐራን አልፈን እኩለ ቀን ላይ አዋሽ ስንደርስ ጎማው እጅ የሚያቃጥል ሆነ፤ ብንለካውም 35 አሳየን። «ይህ ሊፈነዳ ነው» ብለን ሠጋንና አራቱንም አስተንፍሰን ወደ 30 መለስናቸው። ብልኅ ጥንቃቄ ያደረግን መስሎን ነበር።

በማግሥቱ ብዙ ዕቃ ጭነን ስንመለስ፣ መተሐራ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መኪናዪቱ ከመንገድ ወጥታ በአቧራ መካከል ቆመች። ሁላችንም በደኅና ወረድን፤ ይሁን እንጂ እናታችን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ያየንበት ሰዓት እስከ ዛሬ ከፊታችን አልጠፋም። በኋላ ጎማውን የተመለከቱት ሽማግሌ ጎሚስታ የጎኑን ውስጥ በጣታቸው እየዳበሱ «ልጄ፣ የጋለ ጎማ አይተነፈስም፤ የሚለካው ማለዳ በብርዱ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይብስ ይግላል፤ በዚህ ላይ ጭነት ሲጨመርበት አይችልም» አሉን።

ማታ ቤታችን ገብተን እርሳስና ወረቀት አነሣን። አስቀድመን የተረዳነው የጎማ መለኪያም እንደ ሴልሲየስ የራሱ ዜሮ ያለው መሆኑን ነው። መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ጎማው ባዶ አይደለም፤ የውጭውን አየር ያህል ግፊት አለው። ይህም በአዲስ አበባ 11 ፓውንድ ያህል፣ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአዋሽ ደግሞ 13 ያህል ነው። እንግዲህ የማለዳው እውነተኛ ግፊት 41 ነበር። በጎማው ውስጥ ያለው አየር እኩለ ቀን ላይ 60 ዲግሪ ደርሷል ብንል ፍጹም ሙቀቱ 333 ይሆናል። የጎማው ይዘት እምብዛም አይለወጥምና 41 በ333 ተባዝቶ ለ283 ሲካፈል 48 ይሰጣል፤ የአዋሽን 13 ብንቀንስ 35 ይቀራል። መለኪያው ያሳየን ይህንኑ ነበር! ጎማው ሕጉን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። በተማሪነታችን ስሌት ቢሆን ኖሮ 30 በ6 ተባዝቶ 180 በሆነ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጎማ እንኳን አዋሽ ሊደርስ ቢሾፍቱንም ባላለፈ።

ስናስተነፍሰው ግን እውነተኛውን ግፊት ከ48 ወደ 43 አወረድነው፤ ከአየሩም ከመቶ ከ10 የሚበልጠውን አወጣን። ያው ጎማ በአዲስ አበባ ወደ 10 ዲግሪ ቢመለስ እውነተኛ ግፊቱ 36 ተኩል፣ በመለኪያው ደግሞ 25 ተኩል ይሆናል። በቀትር ትክክል የመሰለን 30፣ በማለዳ ሚዛን 25 ተኩል ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ግን ሁሉን አይናገርም፤ የጋዙን ሁኔታ ይነግረናል እንጂ ምን ያህል ሙቀት እንደገባበት አይነግረንም። ለዚህ የኀይል አለመጥፋት ሕግ ያስፈልጋል። ጎማው 30 ሊትር አየር ቢይዝ መጠኑ 3.6 ሞል ይሆናል። ይዘቱ ካልሰፋ አየሩ ሥራ አይሠራምና የገባው ሙቀት ሁሉ በውስጡ ይቀራል። ለአንድ ሞል አየር በየዲግሪው 20.8 ጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ለ50 ዲግሪ 3,700 ጁል ገደማ ይሆናል። ይህም አንድ ብርጭቆ ውሃን ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ ብቻ የሚያሞቅ ነው። ትንሽ ሙቀት በታፈነ አየር ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገጥመው ሰው ለማባዛት አይቸኵል። አስቀድሞ ሙቀቱን ከፍጹሙ ዜሮ ይቍጠር፤ በመለኪያው ግፊት ላይ የውጭውን አየር ይጨምር፤ ከይዘት፣ ከመጠንና ከሙቀት ያልተለወጠው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሕፃን ስሌት ነው። መነሻው የተሳሳተ ቍጥር፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠራ ወደ እውነት አያደርስም።

ዛሬም ወደ ቈላ ስንወርድ ጎማችንን የምንለካው ማለዳ ነው። እናታችንም «ለካኸው?» ብለው ሳይጠይቁ ከመኪናዪቱ አይገቡም።