ጎጆ በግመል ጀርባ

ከአዲስ አበባ በመተሐራ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሊደርስ ሲል በስተግራው የፈንታሌን ተራራ ያያል። ከተማዋ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ናት፤ ወንዙም ከአጠገቧ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይፈስሳል። ሙቀቷን ያልለመደ እንግዳ ቶሎ ልሂድ ይላል። ብዙ ዓመት የኖረባት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለያትም።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የአፋር አርብቶ አደር ቤት ከእኛ ቤት የተለየ ነው። የጎበጡ እንጨቶች ይተከሉና ሰሌን ይለብሳሉ። የምትሠራው ሚስት ናት፤ የምትነቅለውም እርሷው ናት። እንጨቱ ከግመሉ ግራና ቀኝ ይታሰራል፣ ሰሌኑ ከላይ ይጫናል፣ ቤተሰቡም ከብቱን ተከትሎ ይጓዛል። የአብርሃምን ድንኳን በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የምናውቅ ሰዎች እዚህ በዓይናችን የምናየው ያህል ነው። ታዲያ ቤቱን በግመል ጭኖ ለሚሄድ ሰው መሰናበት ምን ይከብደዋል ያሰኛል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ጎጆው ይጫናል እንጂ የውኃው ጉድጓድ፣ የግጦሹ ሜዳና የአባት መቃብር አይጫኑም። ለአርብቶ አደር ርስቱ እነዚህ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ምድሪቱ ከመስከረም ወር ጀምሮ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በታኅሣሥ ግን ባሰባት። ታኅሣሥ 25 ቀን ከዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ። በማግስቱ ሌሊት በመለኪያው ከ5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኙት ሳይቀሩ ነቁ። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንዳስረዱት በፈንታሌና በዶፈን መካከል የቀለጠ ዐለት ከሥር መሬቱን እየሰነጠቀ ይገባ ነበር።

መንግሥት በአፋርና በኦሮሚያ ለአደጋ የተጋለጡ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን ለማስወጣት ተነሣ። የከሰም ስኳር ፋብሪካም ሥራ አቆመ፤ ሠራተኞቹም ወጡ። እዚህ ላይ የብሎኬትና የሰሌን ቤት ልዩነት ታየ። ግንቡ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ውስጡ ለመተኛት ይፈራል፤ ትቶትም እንዳይሄድ የዕድሜው ልፋት ነው። እናንተ ባልና ሚስት ሆናችሁ ቤት የሠራችሁ፣ ለአንድ ክፍል ጣሪያ ስንት ወር እንደቆጠባችሁ ታውቁታላችሁ። የሰሌኑ ጎጆ ግን ቢወድቅም ሰው አይገድልም።

ለአፋሩ ይህ የመጀመሪያው ስንብት አልነበረም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የወንዙ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰጠ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። አፋሩና ከረዩው በበጋ ከብት የሚያቆዩበት ለምለም መሬት በእነዚህ ተከለለ። ልማቱ ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ስኳሩን ሁላችንም በልተናል። ዋጋውን የከፈለው ግን ማን እንደሆነ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው የአገሩን ወሬ አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ የሚለው ሁሉ በዚህ ይደርሳል። በዚያ በጋ በዳጉ መካከል የትኛው ምድር ተሰነጠቀ የሚል ጥያቄ ገብቶ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የካቲት 7 ቀን 2017 ደግሞ መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከቤቱ የወጣ ሰው ልመለስ ወይስ እዚሁ ልትከል ብሎ የሚያመነታው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ለተፈናቀሉት ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ይሰበስባሉ፤ መልካም ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲያጋጥማችሁ ግን ስለ ፍየሎቹም ጠይቁ። የት አድረው፣ ከየት ጠጥተው፣ ስንቱ እንደቀሩ ጠይቁ። እናትየው ስለ ራሷ ከመናገሯ በፊት ስለ እነርሱ ትነግራችኋለች።